የኮንራድ ፊት

እንግዶቹ ተቸግረው ነበር። በአይሁድ ወግ ልቅሶ ደራሽ ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ቃል አይተነፍስም፤ እህቷ ጊትል የሞተችባት ፍሩማ ደግሞ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጭጭ ብላለች። ለማንም ተራ ሰጥታ የማታውቅ ሴት ዝም ስትል ያስፈራል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ቴፐር ለሐዘንተኞቹ ያመጣችውን የተቀቀለ እንቁላል ራሷ መብላት ጀመረች።

በመጨረሻ ፍሩማ ተናገረች።

"ያ የጊትል የፎቶ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አለ። ከሐዘን ስንነሳ ከቆሻሻው ጋር ይውጣ።"

የሟች ልጅ ሚርል ክው አለች። "አክስቴ፣ እማዬ እኮ ከእኔ አስበልጣ የምትወደው ነው።"

"አውቃለሁ። ከእኔም አስበልጣ ነበር።"

"እኔማ አሁኑኑ ሸፍኑት ነው የምለው፤" አለች ወይዘሮ ቴፐር። "ለሐዘን ብለን መስታወት ሁሉ በሸፈንበት ቤት ያ ሁሉ የአክተር ፊት ምን ይሠራል?"

"ፊት ከተከለከለማ ላንቺም አንሶላ ላምጣልሽ፤" አለቻት ፍሩማ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቤቱም ትንሽ ቀለለው።

መጽሐፉ ድሮ የአባታቸው የጨርቅ ናሙና መያዣ ነበር። ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ብሮንክስ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ሲሠሩ፣ በየወሩ አንድ የፊልም መጽሔት በጋራ ይገዙ ነበር። እሁድ እሁድ ጊትል መቀስ ትይዛለች፣ ፍሩማ የዱቄት ሙጫ ታማስላለች፤ የተዋንያኑን ፎቶ እየቆረጡ መጽሐፉ ላይ ይለጥፋሉ። አንድ እሁድ ግን ጉድ መጣ። በአንዱ የመጽሔቱ ቅጠል ላይ በዚህ በኩል ጊትል የምትወዳት ተዋናይት ዶሊ ቬርን፣ በጀርባው ፍሩማ የምትወደው ኮንራድ ሌይን ታትመዋል። ዶሊ በዓይኗ ብቻ አዳራሽ ሙሉ ሰው ታስለቅሳለች። ኮንራድ ደግሞ ኮፍያውን ሲያነሳ ፍሩማ የያዘችው ለውዝ ከእጇ ይወድቃል።

"ዕጣ እንጣል፤" አለች ፍሩማ።

"መቀሱ በማን እጅ ነው?" አለች ጊትል። ታላቅ ናትና።

ፍሩማ የሙጫውን ድስት አስቀምጣ ወጣች። ስትመለስ ዶሊ ከላይ ሆና ታያታለች፤ ኮንራድ በፊቱ ተደፍቷል።

"ነይ እዪው፤" አለቻት ጊትል።

"ካየሁት ዓይኔን ግንባር ያርገው።"

ቃሏን ጠበቀች። ሲኒማ አብረው ገቡ፣ አብረው አለቀሱ፣ ልጆቻቸውን ተጋግዘው አሳደጉ። መጽሐፉ በወጣ ቁጥር ግን ፍሩማ ኮቷን ለብሳ ትወጣለች። ጊትልም ደግማ አልለመነቻትም፤ በግትርነት ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ እንግዳ ጋብ ሲል፣ ሚርል መስኮቱ ሥር ሆና መጽሐፉን ታገላብጣለች።

"አክስቴ፣ ይቺ ዶሊ ትነሳለች።"

"የት አባቷ ትነሳለች? የእኔ ሙጫ እኮ ጣውላ ያጣብቃል።"

"ሌሎቹማ ድርቅ ብለዋል። ይቺን ግን እማዬ በላይኛው ጠርዟ ብቻ ነው የለጠፈቻት። እንደ መስኮት መዝጊያ ናት።"

ፍሩማ እጇን ዘረጋች፤ ሚርል መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖረችላት። ቅጠሉን ከታች ይዛ ቀስ ብላ አነሳችው። ኮንራድ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ፈገግ ብሏል፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ አንድ ስንጥቅ የለውም። ጊትል ይህን ለእህቷ ብላ ክፍት ትታ፣ ዕድሜ ልኳን ሳትነካው ጠብቃለች።

"አይ ጊትል፤" አለች ፍሩማ። "አፍ አልነበረሽም?"

ግን ነበራት። ነይ እዪው ብላት ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ አልመጣ ያለው እንባ አሁን መጣ፤ ፍሩማም ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ሚርል ምን እንደሆነ ሳይገባት ቆመች።

"አክስቴ፣ ደህና ነሽ? ልዝጋው?"

ፍሩማ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። ዶሊን በቦታዋ መለሰቻትና በመዳፏ ዳበሰቻት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ለሚርል ቦታ ለቀቀችላት፤ ቅጠሉንም እንደገና በጣቷ አነሳችው።

"ነይ እዪው፤" አለች።