ለአምስቱ የተከፈተው ጠርሙስ

ምድር ቤታችን ውስጥ ስድስት ጣውንቶች ነበሩኝ። የባሌን ስድስት ጠርሙስ ወይን ማለቴ ነው።

ከመጋባታችን በፊት ከጠማቂው እጅ የገዛቸው ናቸው። ጠማቂው ሞቶ ማሳው ላይ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ እንዲህ ያለ ወይን ድራሹ ጠፍቷል፤ ብርቅ ወይን የሚሰበስቡ ሰዎች ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ባሌ ግን አንዱንም አልከፈተም። ቀኑ ሲደርስ ይላል። ማሞቂያ እናስገባ ስለው ምድር ቤቱ ይሞቃል፣ ወይኑ ይበላሻል እያለ ስንት ዘመን በብርድ አንቀጥቅጦኛል! እኔም በእልህ ስለ ወይን ሲያወራ ጆሮዬን አልሰጠውም ነበር።

አምና ታሞ ተኛ። ሲነሳ አፍንጫው ምንም የማያሸት፣ ምላሱም ጣዕም የማይለይ ሆነ። ድስት አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ሰነባብቶ፣ የማላሸተውን ታቅፌ ምን ልሁን፣ ልሸጣቸው ነው አለኝ። ጣውንቶቼ ሊወጡልኝ ስለሆነ እልል ማለት ነበረብኝ፤ ሆዴ ግን ባባ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር ወይን ይሁን ኮምጣጤ ሳያውቅ ሊቀር ነው፤ እሱን ያንገበገበው ይኸው ነበር።

ገዢው ለባለሀብቶች ብርቅ ወይን የሚያፈላልግ፣ ሽክ ያለ ሰው ነው። ጠርሙሶቹን ብርሃን ላይ አይቶ፣ ቡሾቹ አርጅተዋል፣ ወይኑም ጎድሏል፣ ካልታደሱ አልነካቸውም አለ። ስለዚህ አንዲት ቡሽ ቀያሪ ተጠራች።

የእሷ ሥራ ወግ አለው። ከስድስቱ አንዱ ይከፈትና ይቀመሳል። ደህና ከሆነ በእሱ የአምስቱ ጉድለት ይሞላል፤ አዲስ ቡሽና የእሷ ማኅተም ይደረግባቸዋል። ከኮመጠጠ ግን ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ሌላ ወይን ቀላቅይ ብትሏት ሞቼ ነው ቆሜ ትላለች።

ደግሞ እጇ! ቡሹ በስብሶ ሊፈረፈር ደርሷል። ሁለት ስስ ብረቶች ግራና ቀኝ ሰድዳ፣ እያባበለች፣ እንደ ልጅ ጥርስ ነቀለችው። አንድ ፍርፋሪ አልወደቀም። እጅሽ ይባረክ አልኩ በሆዴ።

ለራሷ ቀድታ ቀመሰች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ለባሌም ቀዳችለትና መጀመሪያ መናገር ያለበት ባለቤቱ ነው አለች። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ሰው እያለ ቀድማ አትናገርም፤ ልማዷ ነው።

ባሌ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አደረገ። እንደሚያሸት ሰው ወደ ውስጥ ሳበና አፉን ሊከፍት ሆነ። በወይን ጉዳይ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሊዋሽ መሆኑን አየሁ። ብድግ ብዬ ብርጭቆውን ነጠቅኩት። በብርድ የተንቀጠቀጥኩለት እኔ ነኝ፣ እኔ ልቅመስ አልኩ። ገዢው ሳቀ። ባሌ አልሳቀም።

ጠጣሁ። ወይ ጉድ! ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። በዚህ ዓለም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የነገረኝ ሰው የለም። ኧረ ነግሮኛል፤ ዕድሜ ልኩን ሲነግረኝ አልሰማ ብዬው ነው።

«ምን ምን ይላል?» አለኝ በቀስታ። እሱን ለማስደሰት ብዬ እንደማልናገር ያውቃል።

«ፕሪም ፕሪም ይላል። የበሰለ፣ ከዛፉ ሊወድቅ የደረሰ ፕሪም።»

«ከዚያስ?»

«ዝናብ የመታው አፈር። ከዚያ ደግሞ… ቆይ… የድሮ ቁምሳጥን ሲከፈት እንደሚሸተው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ፕሪሙስ?»

«ጠፋ» አልኩ። ደግሞ ወዲያው፣ «አይ፣ መጣ። ውጬው ሳበቃ ተመልሶ መጣ።»

«ታገሥ፣ ሄዶ ይመለሳል ብሎኝ ነበር ጠማቂው» አለ። ይህን ለእኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። እንባው ወረደ፤ የእኔም ወረደ፣ ምን ይደበቃል። ቡሽ ቀያሪዋ ራሷን ነቅንቃ፣ እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነው አለችና አምስቱን መሙላት ጀመረች።

ማኅተሙ ሲያልቅ ባሌ ለገዢው አራቱን ብቻ ሰጠው። አምስተኛውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። ገዢው ቢለምን፣ ቢለማመጥ አልሆነለትም። በመጨረሻ ለማን ብለው ነው የሚያስቀምጡት ብሎ ጠየቀው።

«ለሚስቴ» አለው ባሌ። «እሷ ትጠጣለች፤ እኔ እሰማታለሁ።»

አሁን ምድር ቤት አንዲት ጣውንት ቀርታኛለች። ዘንድሮ ብርዱ ሲጠና ባሌ ራሱ ማሞቂያ እናስገባ አለኝ፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።