ስም ያልተጠራበት የጸሎት ርዕስ

ልብስ ሰፊዋ ሐሜት አትወድም። ይህን ራሷ ትናገራለች፤ ደግሞም እውነቷን ነው። ደንበኛ መጥታ የጎረቤቷን ጉድ ልትዘረግፍ ስትጀምር የስፌት መኪናዋን ረገጥ ታደርግና በድምፁ ታፍናታለች። ረቡዕ ከሰዓት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ረቡዕ ስፌት ቤቱ ለደንበኛ ይዘጋና የጸሎት ቡድኗ ሴቶች በጨርቅ ጥቅልሎቹ መካከል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እዚያ የሚነገረው ሐሜት አይባልም፤ «የጸሎት ርዕስ» ይባላል። የማን ትዳር እንደተናጋ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደተባረረ፣ ሁሉም በርዕስ መልክ ያልፋል። ማለፊያው «ስም አልጠራም» የምትለዋ ቃል ናት።

አንድ ረቡዕ ተራው ደረሳት። ታናሽ እህቷ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ናሙና ሰጥታ ለሚመጣው ሳምንት ሐሙስ የተቀጠረ ውጤት እየጠበቀች ነው። «ለእናታችን እንኳ አልተናገርኩም፤ አንቺ ጋ ይቅር። ሆድ ይፍጀው» ብላ ነበር የነገረቻት። የልብስ ሰፊዋ ሆድ ግን አልፈጀውም።

«ስም አልጠራም» አለች እንባዋ እየቀደማት። «አንዲት የሥጋ ዘመዴ ናት፤ ፀጉር ሠሪ ናት…» እብጠቱን ተናገረች። በየትኛው ጎን እንደሆነም ተናገረች። ለጸሎት ጎኑ ምን እንደሚያደርግ ኋላ ራሷን ጠየቀች። ሴቶቹ ከልባቸው ጸለዩ፣ አለቀሱም። በእሷ ዘመዶች ውስጥ ያሉትን ፀጉር ሠሪዎች ለመቁጠር ግን አንድ ጣት ይበቃል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ታናሽየዋ የሰማችው ሁሉም ከሰማ በኋላ ነው። ቅዳሜ ፀጉር ቤቷ ግጥም ብሎ ሳለ ከጸሎት ቡድኑ ሴቶች የአንዷን ፀጉር ስታጥብ ሴትየዋ ከነአረፋዋ ቀና ብላ እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ምርመራው ይቅርብሽ። ሐኪም ቤት መመላለስ እኮ ጌታን መጠራጠር ነው።»

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ሌላዋ ደግሞ ማሽኑ ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «መጀመሪያ ሕይወትሽን መርምሪ! ያለ ምክንያት አይመጣም!» አለች። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ የፀጉር ሠሪዋን ደረት ማየት ጀመሩ።

ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ሄዳ የታላቅ እህቷ ስፌት ቤት ገባች።

«እትዬ፣ ለማን ነገርሽ?»

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች። «ለጸሎት ብዬ ነው እኮ። ስምሽን አልጠራሁም።»

«እግዚአብሔር የማያውቀው ነገር ነበር? እሱማ ያውቃል። የማያውቁት እነሱ ነበሩ።»

«እቴ፣ ጨንቆኝ ነው…»

«ከጨነቀሽ መጥተሽ አጠገቤ አትቀመጪም ነበር? አንዷ ሐኪም ተዪ ትለኛለች፤ አንዷ ኃጢአትሽን ፈልጊ ትለኛለች። መንገዱን ሙሉ ምን ሠርቼ ይሆን እያልኩ ነው የመጣሁት። ምን ሠርቼ ነው፣ እትዬ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ በሩን ቆልፋ ተንበረከከች። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ስትነሳ ቀለላት፤ ሁልጊዜም ይቀላታል። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«ንስሐ ገብቻለሁ፣ የኔ እህት። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ሰላሜን መልሶልኛል።»

«እሰይ፣ ደስ ይበልሽ» አለች ታናሽየዋ። «የበደልሽው እኔን፣ የታረቅሽው ከሌላ ጋር። የእኔን ሰላምስ ማን ይመልሰው?» ዘጋችው።

ያ ቅለት እዚያው ብን ብሎ ጠፋ። እስከዛሬ ስንቱን በድላ፣ ተንበርክካ፣ ጉልበቷን አራግፋ ተነስታ፣ የበደለችውን ሰው ፊት ሳታይ እንደቀረች ማሰብ ጀመረች። አፈረች። ሥራ እምቢ አላት፤ የሰፋችውን እጅጌ ገልብጣ እንደሰፋችው ያየችው ከጨረሰች በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሴቶቹ ክብ ሲሠሩ እሷ አልተቀመጠችም።

«ባለፈው ያመጣሁት ርዕስ ሐሜት ነበር» አለች። «እህቴን አማኋት፤ እናንተም አሜን አላችሁልኝ። ሐኪም ተዪ ያላችኋት፣ ኃጢአትሽ ነው ያላችኋት፣ ጥፋቱ ከእኔ ጀምሯል። ስታገኟት የምትሏት ነገር ቢኖር ይቅርታ ነው።»

ሁሉም አቀረቀሩ። የቡድኑ መሪ ደግ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም፤ ወንበሯን ሳብ አደረገችና በለሆሳስ፣ «ልክ ነሽ እህቴ፣ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ?» አለች።

«አላውቅም። ባውቅም አልነግራችሁም።»

ከዚያው ተነስታ ፀጉር ቤት ሄደች። ለጸሎት ብዬ ነው፣ ጨንቆኝ ነው አላለችም። «በደልኩሽ» ብቻ አለች። ታናሽየዋ እጇን በፎጣ አደረቀች።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ነገ ውጤቱን ስትቀበዪ አብሬሽ ልሂድ።»

«አይ። ይቅር አልኩሽ እንጂ ምስጢሬን መልሼ አልሰጠሁሽም። እሱ ጊዜ ይፈልጋል።»

በማግስቱ ግን አላስቻላትም። ከሐኪም ቤቱ ማዶ፣ ከግንቡ ሥር ቆመች። እህቷ የፀጉር ቤቷ ጎረቤት የሆነችውን የባለ ሱቋን ክንድ ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆመው እህቷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሴትየዋም እቅፍ አደረገቻት። የሁለቱም ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከሩቅ አይለይም። ልብስ ሰፊዋ ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሳችና መልሳ አሳረፈችው። ግንቡን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልታመሰግን ይሁን ልትለምን አታውቅም ነበር።