እማማ ቆዩ ጡረታ የወጡ ዕለት

ዳርቱ ግትር ናት። የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የእትዬ ዘቢደርን ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩት ባልደረቦቿ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እሷ የያዘችውን ነገር ከማስጣል ጅብ የያዘውን አጥንት ማስጣል ይቀላል።

ያን ሰሞን የያዘችው ደግሞ እማማ ቆዩን ጡረታ ማስወጣት ነበር። እማማ ቆዩ ሰው አይደሉም፤ አሮጌ ሰርቨር ናቸው። ልጆቹ ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር በነካኩ ቁጥር እማማ ሙሉውን እንደ አዲስ ገጣጥመው፣ ፈትነው፣ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተበላሸ ቀይ ያሳያሉ። ብቻ አንዴ ሥራ ከጀመሩ ቆዩ ነው! ሻይ ተጠጥቶ፣ ሾላ ገበያ ተወርዶ፣ በዋጋ ተከራክረው፣ ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ እማማ ገና ግማሹ ላይ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ከባልደረቦቿ አንዱ፣ ኤቢሳ ነው፤ ከሥራው ይልቅ ስም ማውጣት ይቀናዋል።

«ጋሽ ሠረቀብርሃን፣» አለቻቸው ዳርቱ አለቃዋን፣ «እኛ እኮ የምንቀጠረው ለመጠበቅ ሆነ። አዲስ ማሽን ይምጣና እኔ ላዛውረው።»

«ዓርብ የአያት ሰፈሩ ክሊኒክ ፕሮግራሙን ሊረከበን ይመጣል። ብታበላሺውስ?»

«ካበላሸሁት ሁለተኛ ሰርቨር አልነካም። ለውጭ ሰው ይስጡት።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው!»

እንግዲህ ሰው በገዛ አፉ ሲታሰር እንዲህ ነው።

አዲሱ ማሽን መጣ። አዲስ ይባል እንጂ ያገለገለ ነበር፤ ጉልበቱ ግን የጎረምሳ። ዳርቱ የእትዬ ዘቢደርን ዕቃ ቤት ለምና በበርበሬው ጆንያ ጎን አስቀመጠችው። ማሽን ሲሠራ ይግላል፤ የዕቃ ቤቱ መስኮት ደግሞ ወደ እንጦጦ ነው፤ ነፋሱ ያለ ደመወዝ ሲያቀዘቅዘው ይውላል።

«በርበሬዬ ቢያስነጥሰው በእኔ እንዳታሳብቢ፣» አሏት እትዬ ዘቢደር።

ሐሙስ ዕለት ሥራው ሁሉ ተዛወረ። እማማ ቆዩ ሆዳቸው ተከፍቶ፣ ዲስካቸው ወጥቶ፣ ጥግ ተቀመጡ። ጎረምሳው ተሞከረ፤ አረንጓዴ። ጭብጨባው እስከ ጎረቤት ተሰማ። ዳርቱ በዚያ ምሽት የሄደችው በእግሯ አይመስልም።

ዓርብ ከቀትር በፊት መብራት ጠፋ። ደግነቱ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ማሽኑም ተነሣ፤ ግን ውስጡ ሰዓት የምትጠብቅለት ትንሿ ባትሪ ሳይሸጥ በቆየበት መጋዘን ደክማ ኖሮ፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶ «ዛሬ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዳርቱ እየተጣደፈች ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች፤ ሞላችለት፤ ሮጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ቀይ። ደግማ አስነሣችው፤ ቀይ። ማሽኑ ለሥራው የሚያስፈልገውን ከኢንተርኔት ሲያመጣ በቅድሚያ የላኪውን ማኅተም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ጭምር፣ ይመረምራል፤ አሁን ግን የማንንም ማኅተም አልቀበልም አለ።

«እማማ ቆዩን ሽማግሌ ልከን እንታረቃቸው እንዴ?» አለ ኤቢሳ።

«አንተ ዝም በል!»

«እኔስ ዝም እላለሁ። ጋሼ ዝም ይሉሻል ወይ?»

ጋሽ ሠረቀብርሃን በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። በዚህ መሀል የክሊኒኩ አዋላጅ ሲስተር አሳየች ከአያት መገናኛ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ ደረሱ። ክሊኒካቸው ያለው አሮጌው ፕሮግራም የነፍሰ ጡሮችን ቀጠሮ እያደባለቀ አስቸግሯቸዋል።

«እኔ ምጥ ስጠብቅ የምውል ሰው ነኝ፤ መጠበቅ አያስፈራኝም፣» አሉ እየተቀመጡ። «ግን እናቶቹ ሰኞ ይመጣሉ። ዛሬ ካልተረከብኩ ሌላ ድርጅት ፈልጊ ተብያለሁ።»

ዳርቱ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ማሽኑ የጻፈላትን ስሞታ እንደገና አነበበችው፤ አሁን በጣቷ እየተከተለች፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ። እስካሁን የማኅተሙ ጊዜ አልፏል የሚል መስሏት ነበር። አይልም። ጊዜው ገና አልደረሰም ነው የሚለው።

«ገና? ትናንት የሠራ ማኅተም ዛሬ እንዴት ገና ይሆናል?»

ቀና አለች። የእትዬ ዘቢደር የቀን መቁጠሪያ ከደብራቸው የተገዛ ነው፤ የእኛው ቀንና ዓመት በትልቁ፣ የፈረንጁ ደግሞ ጥግ ላይ እንደ ቁንጫ። ዳርቱ በመዳፏ ግንባሯን መታች።

«ኤቢሳ! ትልቁን ነው የሞላሁለት! የእኛን ዓመት!»

ኤቢሳ በሩን ገፍቶ ገባና ጆንያው ላይ ተደገፈ። «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለስሽው? እኔ እኮ ያኔ ማትሪክ እንኳ አልተፈተንኩም! የዛሬን ማኅተም ቢያሳዩት ቢጠራጠር ይፈረድበታል?»

ዳርቱ እየሳቀች ትንሿን የፈረንጅ ቁጥር ሞላች። አንዱ መስመር አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ተከተለ። ከዚያማ የጎርፍ ያህል ነው፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ ክረምት የዘነበለት እንጦጦ መሰለ። የእማማ ቆዩን ግማሽ ቀን የሚበላው ሥራ የሲስተር አሳየች ሻይ ሳይበርድ አለቀ። ሲስተርም ፕሮግራሙን ከፍተው የሁለት እናቶችን ቀጠሮ ባንድ ሰዓት ሊያስገቡ ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው።

«ጎሽ! እንዲህ እምቢ የሚል ነው የምፈልገው፣» ብለው ተረከቡ።

እትዬ ዘቢደር ጉዳዩ ሲነገራቸው በጣም ገረማቸው። «እና የአባቶቿን ዘመን ብትሞላለት ምን አጠፋች? ያልተማረ እሱ!» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ከበረንዳው ገቡ። ዳርቱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ዘረጋችላቸው፤ ተሳስቻለሁና በቃሌ መሠረት ይውሰዱት ማለቷ ነው። እሳቸው ግን የዘረጋችውን መዳፍ ጣቶች አጥፈው ቁልፉ ላይ ዘጉላት።

«ካሁን ጀምሮ የማሽኖቹ ኃላፊ አንቺ ነሽ። አሁን ግን ሾላ ውረጂና ባትሪውን ግዢለት።»

ዳርቱ ቁልፉን እያሽከረከረች ወረደች። ኤቢሳ ከኋላዋ ከበሩ ላይ ጮኸ፦

«ሽንኩርትም ይዘሽ ነይ! ከእንግዲህ ማሽን እየጠበቅን የምንገዛበት ጊዜ የለንም!»