አርባ አንድ ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧው ሁለት ጊዜ አሳለና ዝም አለ። «አንተም ደህና አደርክ» ብሎት መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሁለቱን ቢጫ ጀሪካኖች ይዘን ከሦስተኛ ፎቅ ወረድን፤ አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ። ውሃ የሚያድለው ቦቴ ከክሊኒኩ አጥር ጥግ ቆሟል። ወረፋው አጭር ስለነበረ በግማሽ ሰዓት ተመለስን። ክዳኖቹን የሚያጠብቀው እሱ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ በመሆኑ ክዳን ሲያጠብቅ መልሶ የሚከፍተው ሰው መኖሩን ይረሳል፤ እኔ ውሃ በፈለግሁ ቁጥር «ና ክፈትልኝ» እለው ነበር። ሻይ ጠጣን። ሸሚዙን ተኮስኩለት፤ የዚያን ቀን የምክር ቤት ስብሰባ ነበረበት። እኔም ነበረብኝ።

እሱ በከተማው የውሃ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ባለሙያ፣ በፓርቲው የከተማ ምክር ቤት ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አባል ነበር። ሰው ሁሉ «ጋሽ ቧንቧ» ይለዋል። እኔ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ።

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሲባል በስብሰባ ላይ የተባለውን የሚጽፍ ሰው ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን ቃለ ጉባኤው የሚተየበው ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስብሰባው ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድም አባል ለፊርማ አይገኝም። ስለዚህ በሩ ላይ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። አባላቱ ሲገቡ «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ከሚለው ሥር ይፈርማሉ፤ ከዚያ ገብተው ይወያያሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከተየብኩት የተለየ ነገር ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቃለ ጉባኤው ከተተየበ በኋላ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ጡረተኛ አባል ዐረፉ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡና «ቢኖሩ ይደግፉ ነበር» አሉ። ከጎናቸው የሚቀመጠው ፈረመላቸው፤ ድምፃቸውም ተቆጠረ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቀብራቸው ላይ ተገኘን።

የዚያን ቀን አጀንዳው አንድ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ለከተማው ነዋሪ መቶ በመቶ መዳረሱን ማረጋገጥ። መቶ በመቶ ከተዳረሰ ቦቴ ስለማያስፈልግ፣ ቦቴዎቹ ከሰኞ ጀምሮ ይቆማሉ። የበላይ አካልም ዋንጫ ይሸልመናል። ይህን ስተይብ ከጀርባዬ የቢሮው መጸዳጃ ቤት በር ላይ «ውሃ ስለሌለ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እሱንም የተየብኩት እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። የቢሮን ነገር ቤት አላስገባም ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ሌላው ሰው ሳያነብ ፈረመና «የኔ እመቤት፣ ዛሬስ ምን ወሰንን?» አለኝ። «ግባና ስማ» አልኩት።

በየአባሉ ፊት አንዳንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ነበር። ሊቀመንበሩ አጀንዳውን አነበቡ። ውይይቱ ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ አራቱ ደቂቃ ዋንጫው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነበር።

«የምትደግፉ?»

እጆች ወጡ። እጅ የሚቆጥረው አባል ልብስ ሰፊ ነው። ለዓመታት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ሲቆጥር ኖሯል።

«አርባ ሁለት!» አለ።

«የሚቃወም?» አሉ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ቤቱ እየከተቱ።

ባለቤቴ እጁን አነሣ።

«እህ ጋሽ ቧንቧ፣ ጥያቄ ነው?»

«ጥያቄ የለኝም።»

«መጸዳጃ ቤቱ ከሆነ ተዘግቷል።»

«አውቃለሁ። ለምን እንደተዘጋም አውቃለሁ። እየተቃወምኩ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ቀልዱን ነው፣ ተዉት!» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

«ቀልድ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ» አለ ባለቤቴ። «የምሥራቁን ሰፈር ዋና መስመር የቀበርኩት በገዛ እጄ ነው። ቧንቧው አለ፤ ውሃው የለም። ክሊኒኩ የሚያዋልደው በቦቴው ውሃ ነው። ሰኞ ቦቴው ሲቆም በምን ሊያዋልድ ነው?»

ልብስ ሰፊው ተቁነጠነጠ። «እኔ እኮ አርባ ሁለት ብዬ ጨርሻለሁ! አሁን ስንት ልበል?»

«አርባ አንድ በል።»

«አርባ አንድ ብዬ አላውቅማ!»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ወንድሜ፣ ቅሬታ ካለህ ቀደም ብለህ አትነግረንም? አሁን እኮ ፈርመሃል!» አሉት። ከዚያ ለምሳ ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቴ አልጠፉም። ሻይ አስቀረቡልኝ።

«እህቴ፣ የምትኖሩበት ቤት የፓርቲው መሆኑን ላስታውስሽ አልፈልግም» አሉኝ። «ሌላ መላ አለ። የአባላት ሐኪማችን ማስረጃ ጽፎልናል። ባለቤትሽ ይፈርምበትና ነገሩ ያልቃል።»

ወረቀቱ «የቀኝ ትከሻ ጡንቻ መሸማቀቅ፤ እጁ ያለ ፈቃዱ ወደ ላይ ሊነሣ ይችላል» ይላል። የአሥር ቀን ዕረፍትም ታዝዞለታል።

ቤት ወስጄ ሰጠሁት። መስኮቱ ጋ ቆሞ አነበበው።

«ይሄ ሐኪም መቼ ነው ያየኝ?»

«አላየህም።»

«ያስታውቃል። ያነሣሁት ግራ እጄን ነው።»

«ለምን ቀኙን አላነሣህም?»

«ቀኙ መደገፍ ለምዷል፤ አላመንኩትም።»

ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ ሐኪሙ «የሁለቱም ትከሻ» ብሎ አስተካከለው። ባለቤቴ ያንንም አልፈረመም። «ትከሻዬ ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሃያ ሊትር ተሸክሜበታለሁ» ብሎ መለሰልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ግን፣ ሳቁ ሲያልፍ ተቀመጠ።

«አንዲት መስመር ነው የምለምንሽ» አለኝ። «‹አንድ ተቃውሞ› ብለሽ ጻፊልኝ። ቦቴውን እንደማይመልስ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ያን ወረቀት ቢያወጣው፣ አርባ ሁለታችንም የዋሸን እንዳይመስለው።»

«ቤቱስ?»

 «እሱንም አስቢበት፤ አላስገድድሽም» አለ።

አሰብኩበት። ሐሙስ ዕለት ቃለ ጉባኤውን መጀመሪያ እንደተየብኩት ለበላይ አካል ላክሁት። አመሻሽ ላይ ነገርኩት። «እሺ» አለ። ተነሥቶ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተልኝ፤ ሻይ ጣድኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልወጣውም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ቦቴው ቆመ። ክሊኒኩ በር ላይ «ወላዶች ውሃ ይዛችሁ ኑ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዋንጫውም መጣ። የምናጥብበት ስላልነበረ በደረቅ ጨርቅ እንወለውለው ነበር።

እኛ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው የእጅ ፓምፕ መሄድ ጀመርን። ሲሄዱ አርባ ደቂቃ ነው፤ ሲመለሱ ከዚያ ይበልጣል። ጥቂት ሳምንት እንደቆየን «አንቺ ወረፋ ያዢ፣ መሸከሙን ለኔ ተይው» አለና ሁለቱንም እሱ ይይዝ ጀመር። በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኖቹን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቀብሩ ላይ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። «አንድም ቀን ከመስመራችን ወጥቶ አያውቅም» አሉ። አርባው አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቁር ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

በወሩ የበላይ አካል መቶ በመቶው አሁንም መቶ በመቶ መሆኑ እንዲረጋገጥለት ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«ከቻልሽ ነው እህቴ። መጀመሪያ ለባለቤትሽ የኅሊና ጸሎት፣ ከዚያ ያንኑ ውሳኔ ነው። የስም ዝርዝሩንም ያለፈውን ተጠቀሚ፤ በሱ ቦታ የተተካ ሰው ገና የለም።»

በስብሰባው ዋዜማ ለመተየብ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ አርባ ሁለት ስም ነበረው። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ስሙ አለ። «በሙሉ ድምፅ» እስከሚለው ድረስ ተየብኩና ጣቶቼ ቆሙ። በዚህ ወረቀት ላይ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ለሁለተኛ ጊዜ ሊደግፍ ነው። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን አጠፋሁና «በአርባ አንድ ድጋፍ እና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። በተራ ቁጥር አሥራ ሰባት የፊርማ ቦታ «ተቃውሟል» አልኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የፊደል ስህተት አልነበረውም።

በማግስቱ በሩ ላይ ጠረጴዛዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አርባ አንዱም ተራ በተራ ፈረሙ። ልብስ ሰፊው «እግዜር ያጽናሽ» ብሎኝ ከዚያችው መስመር ሥር ፈረመ። ሊቀመንበሩ የፈረሙት በስልክ እያወሩ ነው። ገብተው አንድ ደቂቃ ቆሙ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊው ጣሪያውን እያየ «አርባ ሁለት!» አለ። ምሳ ሄዱ። እኔ ፖስታውን አሽጌ ላክሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፤ እዚያም እስከ ስም ዝርዝሩ ያነበበ ሰው አልነበረምና «የተቃወመው አባል ማንነት በሦስት ቀን ውስጥ ይገለጽ» ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ውስጥ የተሠራ ሥራ አልነበረም። አርባ አንዱ እርስ በርስ ተገማገሙ። አንዱ ሁለት እጁን አንሥቶ የሚታይበትን ፎቶግራፍ በፍሬም ይዞ መጣ። ሌላው ሚስቱን ምስክር ቆጠረ፤ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ እንደሚደግፍ መሰከረችለት። ልብስ ሰፊው «እኔ አርባ ሁለት እንጂ ሌላ ቁጥር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም!» እያለ ማለ።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ፋይሉን አስወጡና አነበቡት። በዚያ ቢሮ ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የባለቤቴ ድምፅ ነው።»

«እሱ እኮ ሞቷል!»

«አዎ።»

«የሞተ ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ ነው የሚቃወመው?»

«ጡረተኛው ደግፈው የለም?»

 «እሳቸውማ… እሳቸው ቢኖሩ ይደግፉ ነበር።»

«እሱስ በሕይወት ሳለ ነው የተቃወመው። እርስዎም ነበሩ፤ እኔም ነበርኩ። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤቱን ታስረክቢያለሽ» አሉኝ።

«ቁልፉን ይዤው መጥቻለሁ።»

ለበላይ አካል የተላከው መልስ እንዲህ ይል ነበር፤ «ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት በሁለቱም ትከሻቸው ሕመም ይሠቃዩ የነበሩ ሲሆን የሐኪም ማስረጃው ተያይዟል። ሕመሙ ከታማሚው ጋር ያበቃ ስለሆነ ወደፊት አይደገምም።» ቃለ ጉባኤውን ግን ሊለውጡት አልቻሉም፤ አርባ አንድ ሰው ፈርሞበታል። ፋይሉ ውስጥ አለ። የፈለገ ሰው አውጥቶ ማንበብ ይችላል።

አሁን የምኖረው እህቴ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ፤ አንድ ጀሪካን ይዤ ወደ ፓምፑ እሄዳለሁ። ክዳኑን የማጠብቀው ራሴ ነኝ፤ ስፈልገው ቶሎ ይከፈታል። «ና ክፈትልኝ» የምለው ሰው የለም።