አባቴ በወረዳ አልሞተም ነበር

አብሮ አደጌ እንዳለ ሱቄ ድረስ የመጣው ስለ ሰፈራችን መፍረስ የተጠራው ስብሰባ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሱቅ የምለው የቤታችንን የፊት ክፍል ነው፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ቦርሳና ሻንጣ የምሰፋበት። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። ሱሪው እንዳይቆሽሽ መሰለኝ።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ የኪራይ ደረሰኙ እስካሁን የሚቆረጠው በአባቴ ስም ነው። አባቴ ከሞተ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሰፈሩ ያውቃል፣ እንዳለም ለቅሶ መጥቶ ስለነበር ያውቃል፣ ወረዳው ብቻ አያውቅም። በእኛ ግቢ ሰው ሁለቴ ነው የሚሞተው፤ አንዴ በመቃብር፣ አንዴ በመዝገብ። ቤቱ ይነጠቃላ፣ ሁለተኛውን ሞት ማንም ቸኩሎ አይናገርም። ከስድስት አባወራ አራታችን የምንኖረው በሟች ስም ነበር።

«ስብሰባው ላይ ምንም አትናገር፣» አለኝ። «ዝርዝሩ እስኪጸድቅ ዝም በል። ምትክ ቤቱ በአባትህ ስም ይውጣ፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናስበዋለን።»

ባለቤቴ ኡሙሀኒ ከጓዳ ወጥታ መረቀችው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ያስተማሩን የእንዳለ አባት ነበሩ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ መለስኩና ተሳሳትኩ። «አንተ በእጅህ እንጂ በአፍህ አትኖርም፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው እንዳለ ነው። በዓመቱ ትምህርቱን ተውኩት። እሱ አገር ለአገር ዞሮ የከተማ ልማት አማካሪ ሆነ፣ እኔ ዚፕ ስቀይር ሸበትኩ። አሁን ደግሞ የአባቱን ቃል ሊደግምልኝ መጣ።

አዳራሹ ውስጥ ከሦስት አገር የመጡ እንግዶች ከፊት ተደርድረዋል። እንዳለ ግድግዳው ላይ ፎቶ እያሳየ ያስረዳል። ሴኡል አውራ ጎዳና አፍርሳ ወንዟን ገለጠች፤ ሜዴሊን ተራራ ላይ ለሚኖሩ ድሆች በገመድ የሚሄድ ማመላለሻ ሠራች፤ ኪጋሊም የራሷን አደረገች። ገጠሩ ካልለማ ከተማ ብቻውን አይችለውም አለ። ይቺ እንኳን እውነት ናት፣ አባቴም ከወሎ የመጣው ጠግቦ አይደለም። በመጨረሻ የእኛ ሰፈር መጣ፦ ዛፍ፣ የብስክሌት መንገድ፣ ግቢያችን ባለበት ደግሞ ውሃ ሽቅብ የሚረጭ ፋውንቴን። ጎረቤቴ ሙደሲር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ስንት ዓመት ቧንቧ ለምነን ልክ ስንለቅ ውሃው መጣልህ አለኝ።

ከእንግዶቹ አንዷ ነዋሪው ምን ይላል ብላ አስጠየቀች። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እንዳለ አየኝ፤ ዓይኑ ዝም በል ይላል። ያኔ ተነሳሁ።

አባቴ የምንኖርበት ቤት ሲገባ ጣሪያው ሰማይ ያሳይ ነበር አልኩ። በገዛ እጁ ነው የከደነው፣ ግድግዳውንም የመረገው እሱ ነው። የሰው አገር ወንዝ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሰፈር ሰው ስም አንድም አላነሳም አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ምነው እዚያ ላይ ተቀምጬ ቢሆን።

ዝርዝሩን የያዘችው የወረዳዋ ሠራተኛ፣ ሐሴት የምትባል ልጅ እግር፣ ከወረቀቷ ቀና አለች። በክፋት አልነበረም። «አባትዎ ታዲያ ለምን አልመጡም?» አለችኝ። «ስማቸው እኔ ጋ አለ።»

እንዳለ ቶሎ ብሎ ገባ። «አባቱ ሐጂው ወሎ ሄደዋል፣ ዘመድ ጥየቃ።»

ሊያወጣኝ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያኔ የታየኝ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት በእኔ ፈንታ ሲናገር ነው።

«ኮልፌ ነው ያለው፣» አልኩ። «አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቱ።»

ሙደሲር ጃኬቴን ጎተተኝ፤ ዘግይቶ። ሐሴት ጻፈች። እንግዳዋ ምን አለ ብላ ወደ እንዳለ ዞረች፤ እሱ አልተረጎመላትም።

በሳምንቱ የግቢያችን ዝርዝር እንደገና ተጣራ። አራቱም ሟቾች በአንድ ቀን ሞቱ። ምትክ ቤት ያገኘው ሁለት አባወራ ብቻ ነው፤ እኛና ሙደሲር ያለ ምትክ ከቀሩት ውስጥ ነን። ቤቱ ሲፈርስ አባቴ የከደነው ቆርቆሮ መጀመሪያ ወረደ።

አቤት ልል ወረዳ ሄድኩ። ሐሴት እርስዎ እያለች አስረዳችኝ። ወራሽ መሆኔ እንዲታይልኝ የአባቴ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። አላወጣሁም፤ በወረቀት ሳኖረው ከርሜ እንዴት ብዬ ላወጣ። እንግዲያው ቀብር ላይ የነበሩ ሦስት ምስክሮች ያምጡ አለችኝ።

ሙደሲርን ምኒልክ አደባባይ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አገኘሁት። ጀናዛውን አብሮኝ የተሸከመ ሰው ነው። ሰላምታዬን ሳይመልስ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኔ አባትህ ሲቀበሩ አላየሁም፣» አለኝ። «ወሎ ሄደዋል ሲባል ነው የሰማሁት።»

ሌሎቹም ያው ናቸው። አሁን ከከተማ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተናል፤ የስፌት መኪናዬ በሩ ጋ ቆሟል፣ እዚያ ሻንጣ የሚያሰፋ መንገደኛ የለም። ኡሙሀኒ በየጠዋቱ ለእንዳለ ደውልለት ትለኛለች። ቁጥሩ አለኝ። ግን ሐሴት ፊት ወሎ ሄደዋል ያለ ሰው ዛሬ ምን ብሎ ሊመሰክርልኝ ነው።