ያልዘለለችው ጥያቄ

አርዋ ከደሴ የተመለሰችው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሳ ሳይሆን ፈተናው ጨርሷት ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ግን የልቧን በልቧ ይዛ ከረመች።

በምትማርበት በመካነ ሰላም በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም። እስከዚያ የምታውቀው የወረቀት ፈተና ነው፤ ስልሳ አምስቱም ጥያቄ ፊቷ ተዘርግቶ፣ ከፈለገችው ጀምራ የፈለገችው ላይ ታበቃለች። «ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው» ሲባል፣ መብራት አልነበረምና መምህር መለሰ ስክሪኑን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳለላቸው። ምስኪን፣ እሱስ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ።

የሒሳቡ ቀን ስክሪኑ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ብቅ አለች። አርዋ ይህን ሥርዓት የምታውቀው መሰላት። አባቷ ሼህ ጠሃ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ንባቡን ሲያስተምሩ፣ ልጁ በእንጨት ሎሁ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ሌላ አይጻፍለትም፤ እሷም ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እንዲሁ ነው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው አይሰጠኝም ብላ ደመደመች። አስራ ሦስቱን እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። አስራ አራተኛው ላይ ተገተረች። ብታሰላ፣ ብታፈርስ፣ እምቢ አላት። አጠገቧ ያለችው ልጅ ቁልፍ እየተጫነች ስትነጉድ አርዋ በጉብዝናዋ ቀናችባት። ሰዓቱ አለቀና ስክሪኑ በራሱ ተዘጋ። ውጪ ልጆቹ «አስራ አራትን ዘለልኳት» እየተባባሉ ሲስቁ ነው ክው ያለችው።

በቀሩት ትምህርቶች ነቃች፤ ምን ዋጋ አለው። ውጤቱ ሲመጣ ለማለፊያው አራት ነጥብ ጎደላት።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሼህ ጠሃ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። «አብሽሪ ልጄ፣ ኸይር ነው» አሉ። «ግን ሒሳብ እንዴት ከዳሽ?»

አርዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ሠላሳ ዓመት ልጅ ያስቀሩበት ድምፅ ተሰባብሯል። እውነቱን ብትነግራቸው ነገ ሎህ ይዘው የሚመጡት ልጆች ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ አሰበችው፤ አንጀቷ አልቻለም።

«ቸኮልኩ አባባ።»

«ዘለልሽ?»

«አዎ፣ ዘለልኩ።»

ሼህ ጠሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረም፤ እንደ እፎይታ ያለ ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። «እኔማ አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን አትንኪ ብዬሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለከርሞ እንዳልኩሽ አድርጊ፤ አላህ ያግዝሻል።»

«እሺ አባባ» አለች።