የመምህሩ አንገት ሥር ያለው ቱቦ

መምህሩ ከኩላሊት እጥበት ማሽኑ ጋር ከተያያዙ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ጥርሳቸው መንገጫገጭ ጀመረ። አንድ ብርድ ልብስ ደረቡላቸው፤ ሌላ ጨመሩላቸው። አልጋው ራሱ አብሯቸው ይንዘፈዘፍ ነበር።

«ያው... እንግዳዬ መጣ» አሉ፣ ለመቀለድ እየሞከሩ።

ሲስተር አልሳቀችም። በኩላሊት እጥበት ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ነርስ ናት፤ ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ሳጅን» እንደሚሏትም ታውቃለች። ቴርሞሜትሩን ከብብታቸው አውጥታ አየችው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። እንዲህ ሲሆኑ በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛቸው ነው። ሁለቱንም ጊዜ መርፌ ተወጉ፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። አንገታቸው ሥር ገብቶ በደረታቸው የወጣውን ቱቦ ግን ማንም አልነካውም። ማሽኑ ደማቸውን ወስዶ የሚመልሰው በዚያ ቱቦ ነው። ውስጡ ጀርም ካደረ፣ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ጀርሙ በቀጥታ ወደ ደማቸው ይረጫል።

ተረኛው ሐኪም መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ችኩል።

«ጉንፋን ይሆናል። ፓራሲታሞል ስጪያቸው» አለ።

«ጉንፋኑ ማሽን ላይ ሲወጡ ብቻ ነው እንዴ የሚይዛቸው ዶክተር?»

«ባለፈው ሳምንት የደም ናሙና ልከናል አይደል? ውጤቱ ይምጣና እናያለን።»

ሲስተር ላቦራቶሪ ደወለች። እንዲህ ያለ ናሙና አልደረሰንም አሏት። ናሙናውን የቀዳችው ራሷ ናት፤ ሁለቱ ጠርሙሶች ላይ የመምህሩን ስም የጻፈችውም ራሷ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ከፈተችው። ከኢንሱሊኑ ጀርባ፣ ሁለቱም ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀዝቅዘው በረዶ መስለዋል።

ደሟ ፈላ። «ማነው ይሄን እዚህ የከተተው?»

አንዷ ነርስ፣ «እንዳይበላሽ ብዬ ነው... ተላላኪው ዘግይቶ ነበር» አለች።

«ወተት ነው እንዴ እንዳይበላሽ? ጀርሙ እንዲያድግ እኮ ነው የምንቀዳው! ሙቀት ነው የሚፈልገው! ሰውዬው ስምንት ቀን ሙሉ ይሄን ውጤት ሲጠብቁ ነበር!»

ከዚያ በኋላ ማንንም አላመነችም። አንዱን ናሙና ከክንዳቸው፣ ሌላውን ከቱቦው ቀዳች፤ ለላቦራቶሪው ሠራተኛም በእጁ ሰጥታ አስፈረመችው። ተመልሳ ነው፣ ሐኪሙን አሳዝዛ፣ ጸረ ጀርም መድኃኒቱን የጀመረችላቸው።

በሁለተኛው ቀን ተደወለላት። ከሁለቱም ናሙና ጀርም በቅሏል፤ ያውም ስታፍ የሚሉት ክፉው። ውጤቱን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች።

«ጥሩ፤ መድኃኒቱን እንቀጥልላቸው» አለ።

«ቱቦውስ?»

«ደም ሥራቸው አልቋል ሲስተር። ይሄን ካወጣን ሌላ የት እናስገባለን?»

«እኔ በዚህ ቱቦ አላገናኛቸውም።»

«ትዕዛዝ ነው።»

ሁልጊዜ በአንቱታ የምታናግረው ሲስተር ያን ቀን አንተ አለችው። «እንግዲያው ጻፈው። ‹ጀርም እንዳለበት እያወቅኩ በዚሁ ይቀጥሉ ብያለሁ› በልና ፈርምበት። እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱን አየው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደወለ።

ቱቦው በዚያው ቀን ወጣ። መምህሩ ሁለት ቀን ያለ እጥበት፣ ውኃ መጠጣት ተከልክለው ከንፈራቸውን ብቻ እያራሱ ቆዩና በሌላው ጎናቸው አዲስ ቱቦ ገባላቸው። ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ ደህና ተባለ። ወገባቸው ግን ደህና አልነበረም። ጀርሙ ቀድሞ አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቷል። ስድስት ሳምንት መድኃኒት ታዘዘላቸው። አርባ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙት ሰው ከአልጋ ለመነሳት የሚስታቸውን ትከሻ የሚይዙ ሆኑ።

ሲስተር ንዴቷ አልበርድላት አለ። ይሄን ማን እንዳመጣው ካላወቅኩ እንቅልፍ የለኝም ብላ የመምህሩን መዝገብ አገላበጠች። ከመጀመሪያው ትኩሳት በፊት በነበረው እጥበት፣ ‹ያገናኘው› በሚለው ቦታ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው።

ቀኑን አስታወሰችው። አንዲት ነርስ ከሥራ ስለቀረች፣ ሲስተር ስድስት ማሽን ብቻዋን ይዛ ነበር። የቱቦውን አፍ ጠረግ አድርጋ፣ ጀርም እንዲገድል መድረቅ የነበረበት አልኮል ሳይደርቅ፣ ጭምብሏን አገጯ ላይ እንዳወረደች ነው ያገናኘቻቸው። ጀርሙ የገባው ያን ቀን ስለመሆኑ ማረጋገጫ የላትም። ያልገባ ስለመሆኑም የላትም።

መጀመሪያ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። «ለአንድ ነርስ ስድስት ሰው እየሰጡ ጀርም ገባ ማለት ያሳፍራል» አለች። ኃላፊው ሰው የለኝም አሏት። «እንግዲያው አልጋ ይዘጋ» አለችና በሩን እንኳ ሳትዘጋው ወጣች። ከዚያ ወደ መምህሩ ሄዳ አልጋቸው ጠርዝ አጠገብ ቆመች፤ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

መምህሩ እስክትጨርስ ሰሟት። ፊታቸው ቀላ።

«ዶክተሩን ስትጮኺበት ሰምቻለሁ» አሉ። «ያቺን ልጅም በማቀዝቀዣው ስታስለቅሻት ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ እግዜር ይስጣት፣ ሰው አለኝ እያልኩ ነበር።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«እኔ ካልሲዬን ማጥለቅ አቅቶኝ ሚስቴን እጠራለሁ፤ አንቺ ይቅርታ ትይኛለሽ! ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ እንዳይነካኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

በሚቀጥለው እጥበት ያቺው በማቀዝቀዣው የተቆጣቻት ነርስ ተመደበችላቸው። ሲስተር ከማዶው አልጋ ሌላ ታካሚ እያዘጋጀች ነበር፤ ዓይኗ ግን ከልጅቷ እጅ አልተነቀለም። ልጅቷ የቱቦውን አፍ አሸችው፤ ወዲያው ለማገናኘት እጇን ሰነዘረች።

«ቆይ! አልደረቀም» አለች ሲስተር ከማዶ።

«ሰዓቱ እኮ ሄደብን ሲስተር፤ ተራ የሚጠብቁት ታካሚዎች በር ላይ ናቸው።»

«ይሂድ!»

መምህሩ ከጭምብላቸው በላይ ሲስተርን አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ሰምተሻል። ጠብቂ» አሏት።